ድንኳን የሚመረጠው ለሁለተኛው ሌሊት ነው

በእኛ አገር ድንኳን ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሠርግና ለቅሶ ነው። ሳይጠራ ሠርግ የሚገባውን ሰው እንኳ «ድንኳን ሰባሪ» ብለን ስም አውጥተንለታል። ድንኳን ለእኛ የብዙ ሰው ነው፤ የዕድር ንብረት ነው፤ ብዙ ሰው ያቆመዋል፣ ብዙ ሰው ይነቅለዋል። አንድ ሰው ብቻውን ጠቅልሎ፣ ከብስክሌቱ ላይ አስሮ፣ ዳገት ይዞት የሚወጣ ድንኳን ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ሆኖ ቆይቷል።

እንግድነቱ አሁን እየቀረ ነው። እኔ በምኖርበት በፈረንሳይ ለጋሲዮን ቅዳሜና እሑድ ማለዳ በጉራራ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጡ ብስክሌተኞች ይታያሉ። ሐኪም አለበት፣ መሐንዲስ አለበት፣ የባንክ ሠራተኛ አለበት። ቀን ደርሶ መመለሱ ያልበቃቸው ደግሞ ወጣ ብሎ ማደር ያምራቸዋል። እኔም ብስክሌትና ድንኳን ከያዝኩ ዓመታት ስለተቆጠሩ «ጋሼ፣ ቀላሉ ድንኳን የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል።

የሕግ ትምህርት ካስተማረኝ ነገሮች አንዱ፣ ጭብጡ በትክክል ካልተያዘ ትክክለኛ ፍርድ እንደማይገኝ ነው። የድንኳን ጭብጥ «የቱ ይቀላል?» የሚለው አይደለም። ጭብጡ «በሁለተኛው ሌሊት ደህና የሚያሳድረኝ የቱ ነው?» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ማንኛውም ድንኳን ጥሩ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ባለቤቱም ገና አልደከመውም። በማግስቱ ግን ድንኳኑ ሌሊቱን ከጠጣው ውሃ ጋር ተጠቅልሎ ቀኑን ሙሉ ብስክሌት ላይ ይውላል። ማታ ደግሞ በድካም፣ ምናልባትም በዝናብና በነፋስ፣ ለዚያውም በአንድ ሰው እጅ እንደገና ይተከላል። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ እርጥብ መኝታ ውስጥ ማደር የምቾት ጉዳይ አይደለም። የሰውነት ሙቀት ከሚገባው በታች ከወረደ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ነገሩን በቁም ነገር እንየው።

ከንጉሥ ድንኳን እስከ ልብስ ሰፊው ድንኳን

«ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ሲወርዱም መጀመሪያ ያረፉት በድንኳን ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከዚያ ሰፈር ተነስታ ነው። የዚያ ዘመን ድንኳን በበቅሎና በአጋሰስ ይጫናል፤ ተካዩም ነቃዩም ሌላ ሰው ነው። ክብደቱ ለባለቤቱ ጭንቀት አልነበረም።

ድንኳንን በግራም መመዘን የመጣው ከብስክሌት ጋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቶማስ ሂራም ሆልዲንግ የሚባል የለንደን ልብስ ሰፊ፣ ብስክሌት ላይ የሚታሰር ድንኳን በገዛ እጁ እየሰፋ አየርላንድን ዞረና ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ በብስክሌት እየተጓዙ በድንኳን የሚያድሩ ሰዎች ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ቀላል ድንኳን ሁሉ የዚያ ልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ ነው።

እኛም ለብስክሌት ባዕድ አይደለንም። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ጋልቧል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚያቋርጠው ቱር ዳፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመርም መንገዱ በአገራችን ያልፍ ነበር። የዚያ ጉዞ ተሳታፊዎች የሚያድሩት በአመዛኙ በድንኳን ቢሆንም ጓዛቸውን የሚሸከምላቸው የጭነት መኪና ነው። ጓዙን ራሱ የሚሸከም ብስክሌተኛ ሂሳቡ ሌላ ነው።

አንድ ኪሎ ስንት ደቂቃ ነው?

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ጋላቢው 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 15 ኪሎ፣ ጓዙ 15 ኪሎ ይሁን፤ ድምሩ 100 ኪሎ ነው። በዳገት ላይ በዝግታ ሲወጣ ጉልበት የሚያልቀው በአብዛኛው ይህን ክብደት ወደ ላይ በማንሳት ነው። ከድንኳኑ ላይ አንድ ኪሎ ብንቀንስ ከጠቅላላው የቀነስነው አንድ በመቶ ነው። ከፈረንሳይ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ለመድረስ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው በዚህ የሚያተርፈው 36 ሴኮንድ ገደማ ነው።

ክብደት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የመጨረሻዎቹን 500 ግራሞች ለመቀነስ የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ ከመቶ ዶላር ሊበልጥ ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ 18 ሴኮንድን በምን ያህል ብር እንደምትገዙ አስቡበት። ግራም የሚቀነሰው ደግሞ ጨርቁን በማሳሳት፣ ምሰሶውን በማቅጠንና ወለሉን በማጥበብ ነው። በሁለተኛው ሌሊት የሚያስፈልጉን እነዚሁ ናቸው።

ለሁለት ሰው የተሠሩ ጥሩ ድንኳኖች በአብዛኛው ከ1.2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። የእኔ ምክር ብቻውን ለሚጓዝ ሰው 2 ኪሎ አካባቢ፣ ለሁለት ተካፍለው ለሚሸከሙ እስከ 3 ኪሎ ቢሆን ችግር የለውም የሚል ነው። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈውን ቁጥርም በጥንቃቄ አንብቡ። ብዙ አምራቾች ሁለት ክብደት ይጽፋሉ። ዝቅተኛው የድንኳኑንና የምሰሶውን ብቻ የያዘ ነው። ከፍተኛው ካስማውን፣ አውታሩንና ከረጢቱን ይጨምራል። በመካከላቸው 200 ግራምና ከዚያ በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ስታወዳድሩ ከፍተኛውን ከከፍተኛው ጋር አወዳድሩ። ከተቻለ ደግሞ የሰፈራችሁ የሽንኩርት ሚዛን ይፍረድ።

የእንጦጦ ሌሊት

እንጦጦ ጫፉ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው። ከመሀል ከተማው ሰባትና ስምንት መቶ ሜትር ይበልጣል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሌሊት መሀል አዲስ አበባ 8 ዲግሪ ብታድር እንጦጦ ላይ 3 ወይም 4 ዲግሪ መጠበቅ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ብርዱ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይመጣል።

ከዝናቡ በላይ ሰውን የሚያስደነግጠው ከውስጥ የሚመጣው ውሃ ነው። የተኛ ሰው ከትንፋሹና ከላቡ ሁለት ሦስት የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ እርጥበት በሌሊት ያወጣል። እርጥበቱ የቀዘቀዘውን ጨርቅ ሲነካ ጠል ይሆንና ይንጠባጠባል። ጠዋት «ድንኳኑ አፈሰሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ድንኳኑ አላፈሰሰም፣ አልተነፈሰም እንጂ።

ስለዚህ ለደጋችን ባለ ሁለት ልብስ ድንኳን እመርጣለሁ። ውስጠኛው አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅና መረብ ነው። የውጨኛው ውሃ የማያስገባ ነው። በመካከላቸው ክፍተት ስላለ ጠሉ በውጨኛው ላይ ይቀራል፣ ተኝቶ ያለውንም ሰው አይነካም። ባለ አንድ ልብሱ ይቀላል፤ ነገር ግን እርጥበቱ በቀጥታ መኝታው ላይ ይወርዳል። የውስጡ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መረብ የሆነውን ለአዋሽና ለላንጋኖ ሙቀት ተዉት። ለእንጦጦ፣ ለመናገሻ፣ ለወንጪ ግማሹ ጨርቅ የሆነው ይሻላል፤ ነፋሱን ይሰብራል። ከላይ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ያለው መሆኑንም አረጋግጡ፤ ብርዱን ፈርታችሁም አትድፈኑት።

ጨርቁ

ሦስት ቁጥሮችና አንድ ስም መለየት ይበቃል። የመጀመሪያው ውሃ የመቋቋም ልኩ ነው፤ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ትርጉሙ በጨርቁ ላይ ውሃ ቢቆለል ስንት ሚሊ ሜትር ሲደርስ ማስገባት ይጀምራል ማለት ነው። ለውጨኛው ልብስ ቢያንስ 1,500፣ ጉልበትና ክርን ለሚጫነው ወለል ቢያንስ 3,000 ይሁን እላለሁ። ሁለተኛው ዴኒየር ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግራል። 15 ዴኒየር በጣም ስስ ነው። ጠጠርና እሾህ ለሚበዛበት መሬታችን ወለሉ ከ30 ባያንስ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ከላይ ያየነው ክብደት ነው።

ስሙ የጨርቁ ዓይነት ነው፤ ናይለን ወይስ ፖሊስተር? ናይለን በተመሳሳይ ክብደት ጠንካራ ነው። ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፤ ሲረጥብ ይለጠጥና ይረግባል። ማታ ወጥሮ የተተከለው በሌሊት ረግቦ ከውስጠኛው ጋር ይጣበቃል። ተነስቶ አውታሩን መወጠር ግድ ይሆናል። ፖሊስተር ብዙም አይለጠጥም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ፀሐይንም የበለጠ ይችላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጎጂው የፀሐይ ጨረር አሥር በመቶ ያህል ስለሚጨምር ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ድንኳን ተተክሎ ቀን አይዋል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ቅቡም ይለያያል። በብዛት ያለው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ነው። እርጥብ ሆኖ ለሳምንታት ከተቀመጠ ይጣበቃል፣ ይላጣል፣ ይሸታል። ያገለገለ ድንኳን ስትገዙ አሽትቱት፣ በጣታችሁም ዳብሱት። ሲሊከን የተቀባው ዕድሜው ይረዝማል፤ ሆኖም የስፌት ማሸጊያ ቴፕ ስለማይዘው ስፌቱን ባለቤቱ በሲሊከን ማሸግ ሊኖርበት ይችላል።

ምሰሶ፣ ካስማ፣ አውታር

ምሰሶ አሉሚኒየም ይሁን። ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ በብርድም ይሰነጠቃል። ምሰሶው ሲሰበር ላዩ ላይ የሚጠልቅ አንድ አጭር የአሉሚኒየም ቱቦ ከድንኳኑ ጋር መኖር አለበት፤ ክብደቱ ምንም ነው፣ ጥቅሙ ግን ሌሊት ነው የሚታወቀው።

ብስክሌተኛን ከእግረኛ የሚለየው የምሰሶው ቁራጭ ርዝመት ነው። የተለመደው ቁራጭ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መሪው ላይ ሲታሰር ከፍሬን እጀታና ሽቦ ጋር ይጋጫል። ኤም.ኤስ.አር.፣ ቢግ አግነስና ኒሞ የተባሉት የአሜሪካ አምራቾች ለብስክሌት ብለው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያሳጠሯቸው ዓይነቶች አሏቸው። ይህን ለማግኘት ብቻ ግን ትርፍ ገንዘብ አታውጡ። ምሰሶውን ለብቻው በብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ላይ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ማሰር ይቻላል።

ድንኳኑ በራሱ ምሰሶ የሚቆም ይሁን። በበጋ የእንጦጦ መሬት ካስማ እንቢ ይላል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ካስማ አይዝም። በራሱ የሚቆመውን አንስቶ ቦታ መቀየርም፣ ገልብጦ ማራገፍም ይቻላል። በካስማ ብቻ የሚወጠረው ዓይነት ይቀላል፤ ነገር ግን አንዱ ካስማ ከተነቀለ ቤቱ ይፈርሳል። በእግረኛ ምርኩዝ የሚቆመው ደግሞ ለብስክሌተኛ አይሆንም፤ ምርኩዙን ማን ይዞለት ይሄዳል? መሬቱ ካስማ ሲከለክል አውታሩን በድንጋይ ላይ ጠምጥሙት፤ የአገራችን ድንጋይ ለዚህ አያልቅም።

አተካከሉም ይታይ። አብዛኞቹ ድንኳኖች ውስጠኛው ቀድሞ ይቆምና ውጨኛው ይለብሳል። በዝናብ ሲተከሉ ውስጡ ይረጥባል። እንደ ስዊድኑ ሂለበርግ ያሉት ሁለቱ ልብሶች ተያይዘው በአንድ ጊዜ ስለሚቆሙ መኝታው አይነካም፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው። መካከለኛው መፍትሔ ይህ ነው፤ ጠዋት የረጠበውን ውጨኛ ልብስ ለብቻው በላስቲክ ከረጢት፣ ደረቁን ውስጠኛ ለብቻው ያዙ። ምሳ ላይ ፀሐይ ካለ እርጥቡን አስጡት። ሁለተኛውን ሌሊት የሚያድነው ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ስፋትና ቀለም

«የሁለት ሰው» የሚለው ጽሑፍ በአምራቹ ሰው ልክ ነው። ወርዱ 130 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ምንጣፍ ግጥም አድርጎ ይይዛል፤ ለጓዝ አይተርፍም። ብቻውን የሚጓዝ ብስክሌተኛ የሁለት ሰው፣ ሁለት የሚጓዙ የሦስት ሰው ቢይዙ ይመከራል፤ ቦርሳው ከዝናብም ከጅብም ይጠበቃል። ርዝመቱን ተኝታችሁ ለኩ። እግር ግድግዳውን ከነካ ስሊፒንግ ባጉ ጠዋት እርጥብ ነው።

ቀለሙን ቅጠልያ ወይም ቡኒ አድርጉት። ብርቱካናማው ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ነገር ግን ከሩቅ አይቶ የማይመጣ የሰፈር ልጅ አይኖርም።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዝም ያለ ገዢ መብቱን ያጣል። ድንኳን ላይ ይህ ደንብ በጣም ይሠራል። ብዙዎቻችን ድንኳን የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ስለሆነ ደግሞ የሚከሰስ ሻጭ እንኳ የለንም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ፈተናው ዘመዱ ከመመለሱ በፊት ይለቅ፤ ጉድለት ከተገኘ ይዞት ይመለሳል።

ፈተናው ቀላል ነው። ግቢ ውስጥ ብቻችሁን ትከሉት፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከፈጀ ተለማመዱ። በውሃ ጎማ ከላይ ሃያ ደቂቃ አርከፍክፉበትና ስፌቱንና ማዕዘኑን ከውስጥ በሶፍት ዳብሱ። ዚፑን ሃያ ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከዚያም አንድ ሌሊት እዚያው እደሩበት። ከወለሉ በታች የሚነጠፍ ላስቲክ ከሸራ ተራ አስቆርጡ፤ ከድንኳኑ ወለል በሁሉም በኩል ጥቂት ጣት ይነስ። ከበለጠ የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ከስራችሁ ያቆረዋል።

ከአቅም በላይ ባለመሄድ በኩል፣ እንደ ኔቸርሃይክ ያሉ የቻይና ድንኳኖች ለጀማሪ በቂ ናቸው ባይ ነኝ። የተረፈው ገንዘብ ለሞቀ ስሊፒንግ ባግና ለምንጣፍ ይዋል። ድንኳን ከዝናብና ከነፋስ ይከልላል እንጂ አያሞቅም።

የት ይተከላል?

በሕግ ዓይን ባለቤት የሌለው ሜዳ የለም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ የሚያርሰው፣ የሚያግጥበት ወይም የሚያስተዳድረው አለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አስተዳደር ስላለው ፈቃዱ ከዚያ ይጠየቃል። ገጠር ከሆነ ከመምሸቱ በፊት ወደ ቅርቡ ቤት ሄዶ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ማለት ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል። ስሜን ተራሮች ላይ እንደ ሳንቃበርና ጨነቅ ያሉ የታወቁ የድንኳን ሥፍራዎች አሉ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆኑ ይህ ሁሉ ምክር እዚያም ይሠራል። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አማራ ክልል ግጭት ያየ አካባቢ በመሆኑ፣ የትም ሲኬድ የዚያን ሳምንት ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም።

ባህር ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ ቅርንጫፉ ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል፣ ቅጠሉም በእሳት ቶሎ ይያያዛል። የቀበና ወንዝ ከሚነሳባቸው ሸለቆዎችና ቦረቦሮች ራቁ፤ ዝናቡ ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ደረቅ ቦታ ላይ ይደርሳል። የእንጦጦ ጅብ ዛሬም አለ፤ ትርፍራፊ ምግብ ከድንኳኑ አርቁ፣ የቆዳ ጫማችሁን ውጭ አታሳድሩ።

የመጨረሻው ቃሌ ስለ ከሰል ነው። ብርድ ሲጠና ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት የሚቃጣው ሰው አለ። የከሰል ጭስ ዓይን ሳያቃጥል፣ ሽታ ሳይሰጥ፣ እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል። ድንኳኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ እንዲያውም ጥሩና ዝግ በሆነ መጠን፣ አደጋው ይብሳል። ከበረዳችሁ ጋቢ ደርቡ፤ ትኩስ ነገር ከደጅ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ካልሆነም ሌሊቱ ሳይገፋ ወደ ቤት ውረዱ። ለግራም የተጨነቀ ሰው ለነፍሱም ሊጨነቅ ይገባዋል።

ቸር እንሰንብት።